የአባ ችግኝ ክት ልብስ

ከየት እንደምጀምር እንጃ፣ ከስሙ ልጀምር። የእህቴን ባል አባ ችግኝ ነው የምንለው። ሐይቁ ዳር ችግኝ ጣቢያ ነው የሚሠራው። ችግኙን ሲያጠጣ ያወራዋል። አንዷን "ጠጪ እንጂ፣ ማንን ትጠብቂያለሽ" ይላታል። ሰው ይስቅበታል፣ እሱ ግን ጉዳዩም አይደለም።

ቦታው ረግረግ ነው፣ ትንኝ ይበዛዋል። ሣሩ ውስጥ ደግሞ መዥገር አለ። አምና ሁለት ጊዜ ወባ ጣለው። አለቃው ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ዳግመኛ ከታመምክ ለራስህ ስል ወደ መጋዘን አዛውርሃለሁ አለው። አባ ችግኝ መጋዘን ገብቶ ከማን ጋር ያወራል? ከአካፋ ጋር? ነገሩ እንቅልፍ ነሳው።

ዘንድሮ ክረምቱ ሳይገባ ለሠራተኛው ካኪ ሱሪና ሸሚዝ ታደለ። አንዲት የጤና ባለሙያም መጥታ አስረድታቸዋለች። እሱ ግን ቤት ሲገባ ለእህቴ "መድኃኒት ተነክሮ ነው የመጣው" ብቻ አላት። ወሬውን ለችግኝ ጨርሶ ነው የሚመጣው፣ ለቤት የሚተርፈው ትንሽ ነው።

እህቴ ጨርቁን ዳሰሰችው፣ አስለብሳ አየችውና "አምሮብሃል" አለችው። እንዲህ ያለ ልብስ ለብሶ አያውቅም። መድኃኒቱማ ብል እንዳይበላው ነው ብላ፣ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ክት ሆነ በቃ። እሱ በተጣፈችው ሸሚዙ ሥራ ይሄዳል፣ ክንዱን እያከከ ይመለሳል። አለቃው ሲጠይቀው ታጥቧል ይላል። እኔም አያለሁ፣ ግን ምን አውቄ ልናገር።

ታዲያ የጎረቤታችን ልጅ ሰርግ ደረሰ። ድንኳኑ የተተከለው ሐይቁ ዳር ነው። አባ ችግኝ ካኪውን ለብሶ እሱው ሙሽራ መስሎ ተቀመጠ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ትንኙ ወጣ። ሰው ሁሉ እግሩን ይመታል፣ ትከሻውን ይመታል። ዘፋኙ ጭብጨባ መስሎት ድምፁን ከፍ አደረገ። እህቴንማ ትንኙ ቀሚሷን አልፎ ነከሳት። አባ ችግኝ ብቻ አንዳንዴ ጆሮውን ጠረግ እያደረገ ምግቡን ይበላል።

"አንተ ሰውዬ፣ አንተን ትንኝ ንቆህ ነው?" አለችው።

"መድኃኒቱ ነዋ። ልብሱ ላይ ሲያርፍ ያዞረዋል፣ ይሞታል። መዥገሩም እንደዚሁ።"

"ለልብሱ አይደለም እንዴ? ለብሉ?"

"ኧረ ለለባሹ ነው።"

እህቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ታዲያ እስከዛሬ አፍህን ምን ያዘው አለችው።

አባ ችግኝ አንገቱን ደፋ። "እሱን ስለብስ አምሮብሃል ትይኛለሽ" አላት። "በሥራ ልብስማ ብለሽኝ አታውቂም።"

እህቴ ልትቆጣው አፏን ከፍታ ሳቋ ቀደማት።

ሰኞ ጠዋት ካኪውን ራሷ አለበሰችው፣ የሱሪውንም ጫፍ ካልሲው ውስጥ ከተተችለት። መንገድ ላይ ጎረቤት ዛሬ ደግሞ ማን አገባ ቢለው፣ ችግኞቼ አለ። የጤና ባለሙያዋንም እህቴ ሄዳ ጠየቀቻት። አሁን መድኃኒቱ እንዳይለቅ ለብቻው፣ ሳታሸው፣ ከስንት አንዴ ነው የምታጥበው። ቆሻሻ ልብስ እያየች እጇን መሰብሰብ እንዴት እንደሚከብዳት የማውቀው እኔ ነኝ።

ክረምቱ ወጣ። ወባውም አልመጣም፣ አለቃውም የመጋዘኑን ነገር አላነሳም። ሰርግ ሲጠሩ አባ ችግኝ የሚለብሰው ያቺኑ የተጣፈች ሸሚዝ ነው፣ እህቴ ተኩሳለት። በሩ ላይ ታቆመውና ኮሌታውን አስተካክላ "አምሮብሃል" ትለዋለች። እውነቷን ነው መሰለኝ።