እኩል የደረሰን ቅርጫ

በፍኖተ ሰላም ዙሪያ፣ በእኛ ቀበሌ፣ የፋሲካውን በሬ ለአሥራ ሁለት ቤት የምመድበው እኔ ነበርሁ። ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከሽንጡም ለየመደቡ ትንሽ ትንሽ ካልደረሰ ቅርጫ አይባልም፤ ዕጣ የሚጣለው ከዚያ በኋላ ነው። ዓይኔ ሚዛን ነው እያልሁ እኩራራም ነበር፤ ምን ልዋሽ።

የዚያን ዓመት ጨጓራውን አስቀድሜ ቆራርጬ አዳረስሁ። ቢላዋውን በኮባ ቅጠል ጠረግ ጠረግ አድርጌ በጥሬ ወደሚበላው ብሩንዶ ገባሁ።

በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ሆዱን ይዞ ወደ ጓሮ ይሮጥ ጀመር። እኔም ከነሚስቴ ወደቅሁ። መጀመሪያ፣ ጾም የሰነበተበት አንጀት ሥጋ አልችል ብሎ ነው አልን። ታዲያ የአንዲት ባልቴት ጎረቤታችን ቤት እንዴት ደኅና ሆነ? እሳቸውም ሁለት የልጅ ልጆቻቸውም የበሉት ከዚያው በሬ ነው። አንዱ ተነሥቶ፣ "ሥጋው የተመደበበትን ኮባ ያመጡት እሳቸው አይደሉ?" አለ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ መርዝ ሆነ። "ኧረ እኔ ጥርስ የለኝ፤ ሁሉንም ቀቅለን ነው የበላነ" ቢሉ ሰሚ አጡ። ግራ ገባኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፣ ክፉ ሰው አይደሉም። ሆዴን ያመመኝ ግን እውነት ነው።

በሳምንቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጣች። "ጋሼ፣ ሥጋውን እንዴት ነው የመደቡት?" አለችኝ። አንድ በአንድ፣ ትንሽም ኮራ ብዬ ነገርኋት።

"ከጨጓራው በኋላ ቢላዋውንና እጅዎን በምን አጠቡ?"

"በኮባ ጠረግሁት እንጂ መች አጠብሁት" አልኋት።

"በጨጓራው ፈርስ ላይ በዓይን የማይታይ ተሕዋስ አለ፤ ቢላዋው ወደ ጥሬው ሥጋ ያሻግረዋል። እሳት ግን ይገድለዋል። የቀቀለ የዳነው ለዚህ ነው።"

ለካ በሽታውንም በየመደቡ ያዳረስሁት እኔው ነኝ፤ ለአንዱ ሳላበዛ፣ ለአንዱ ሳላሳንስ። አፈርሁ። ደግሞ ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ፤ አባቴም እንዲሁ ነበር የሚመድበው፣ ያኔ ማን ታመመ? ወይስ ታመን ሌላ ስም ሰጥተነው ይሆን? እስከ ዛሬም አላውቅም።

እሁድ ቅርጫተኛው ሲሰበሰብ እናገራለሁ አልሁ። እሁድ ደረሰና ባልቴቷን ከቅርጫው ለማስወጣት ሲመክሩ ተቀምጬ ሰማሁ። አስወጧቸው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ ከረምሁና ቤታቸው ሄድሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ጥጣቸውን እየፈተሉ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

"ይኸን ለማን ለማን ነገርኸው?" አሉኝ።

"ለእርስዎ ነው የመጀመሪያው።"

"እኔማ" አሉ፣ "እንዳላደረግሁት ድሮም አውቃለሁ።"