በእጅጌ የተሻሩት ሚኒስትር

ዳባት አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ፣ ለሠርጌ ሙሉ ልብስ ላሰፋ ከሚዜዬ ጋር ደባርቅ ወጣሁ። ሚዜዬ የስፖርት መምህር ነው፤ ድምፁ ከሜዳ ወደ ቤት ሲገባ አይቀንስም። ዳባትም ልብስ ሰፊ ሞልቷል። እኔ የፈለግሁት ግን በወጣትነታቸው ቤተ መንግሥት ሲሰፉ ኖረው፣ መንግሥት ሲለወጥ ወደ አገራቸው የተመለሱትን ሽማግሌ ነበር።

ደባርቅ እንደ ልማዱ ይነፍሳል። ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ከስፌት መኪናቸው ተነሥተው፣ ሜትሩን ካንገታቸው አውርደው ትከሻዬንና ወገቤን ለኩ። ክንዴን አስዘረጉኝና፣

«እጅጌው እስከ የት ይሁን?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አጠር ይበል!» አለ ሚዜዬ። «ሰዓቱ ይታይ እንጂ!»

ሽማግሌው ሜትሩን ለቀቁት። የተቆጡ አይመስሉም፤ እንዲያውም ሳቅ የያዛቸው ይመስላሉ።

«ልጄ፣ በዚሁ ነገር አንድ ትልቅ ሰው ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉት። «እስቲ ተቀመጡ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን።

ሰውየው ሚኒስትር ነበሩ። ንጉሡ እሳቸውን ሳያማክሩ ውኃም አይጠጡ ይባል ነበር። ደጅ ጠኚ ሁሉ የሚሰግደው ለንጉሡ፣ የሚለማመጠው እሳቸውን ነው። አንድ ቀን ሽማግሌው ለንጉሡ ካፖርት ሊለኩ ገቡና «ጃንሆይ፣ እጅጌው እስከ የት ይሁን?» ብለው ጠየቁ።

«እስከ አንጓው» አሉ ሚኒስትሩ፣ ከንጉሡ ኋላ ቆመው።

«ንጉሡስ?» አልኩ።

«መጀመሪያ ሚኒስትሩን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን። ያን ጊዜ ገባኝ፤ አፌ የጠየቀው ንጉሡን ነው፣ ዓይኔ ግን ሚኒስትሩ ላይ ነበር። ‹እኛ ረዘም ሲል ነው የምንወደው› አሉ፣ ቀስ ብለው።»

በሳምንቱ ሚኒስትሩ የሩቅ ቆላ አገረ ገዥ ሆነው ተሾሙ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለዎ አላቸው፤ ሽረት መሆኑን ግን ያልገባው አልነበረም። ግማሹ ሴራ ነው አለ፣ ግማሹ ምቀኝነት። ሽማግሌው ጥፋቱን ለራሳቸው ወስደው ሲብሰለሰሉ ከረሙ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የዘበኞች ልብስ እንዲሰፉ ወደዚያው ቆላ ሲላኩ፣ ገና እንደ ደረሱ ሚኒስትሩ እግር ላይ ወደቁ።

«‹ይማሩኝ ጌታዬ፣ በእኔ የተነሣ ነው› አልኳቸው።»

«ምን አሉ?» አለ ሚዜዬ።

«ሳቁ። ‹ተነሥ! እኔ ዐሥር ዓመት ሙሉ በጃንሆይ ፈንታ ስመልስ ኖሬያለሁ። ያን ቀን ገና ሰሙኝ› አሉኝ። ከዚያ ሱሪ አዘዙኝ። ወፍረዋል፤ ቆላው ተስማምቷቸዋል።»

ሽማግሌው ተነሥተው ክንዴን እንደገና ዘረጉት። «በል፣ አሁን አንተ ተናገር» አሉኝ።

ደነገጥኩ። እንደ ሚዜዬ «አጠር ይበል» ማለት ፈልጌ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «ረዘም ይበል» የሚል ነው። አውራ ጣቴ ሥር በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ሚዜዬ ከንፈሩን ነከሰ።

በሠርጌ ፎቶ ላይ ጣቶቼ ብቻ ናቸው የሚታዩት። ሙሽራዬ ቀለበቱን ልታደርግልኝ እጅጌዬን ስትሰበስብ፣ አክስቶቿ «የተውሶ ነው» ብለው አሙኝ። ላሳጥረው አንድ ቀን ደባርቅ ተመልሼ ነበር፤ ሽማግሌው ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ዛሪማ ወርደው አጣኋቸው። ከዚያ ወዲያ ፈተና ማረሙ መጣ፣ ክረምቱም ገባ፤ ልብሱ እንደ ረዘመ አረጀ።