ኤላዲዮ ባዝራ ላይ የወጣበት ቅዳሜ

ኤላዲዮ ባሪዮስ ፈረስ ሲገራ ነው ያረጀው። በከተማችን በፓሶ ሁንኮ ዙሪያ እሱ ያልገራው ፈረስ ቢኖር ገና ያልተወለደው ነው። ያ ሁሉ ፈረስ በእጁ ሲያልፍ ግን አንድም ቀን ባዝራ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ባዝራ አይጋልብም። ባዝራ ትወልዳለች፣ አንገቷ ላይ ቃጭል ታስሮላት መንጋውን ትመራለች፣ በቃ። ባዝራ ላይ የታየ ሰው መሳቂያነቱ ለልጅ ልጆቹ ይተርፋል። ሞኝነት ነው? አዎ፣ ሞኝነት ነው። ግን አባቶቻችን ያወረሱን ሞኝነት ስለሆነ እንደ ርስት እንጠብቀዋለን።

ዳሌው አልታዘዝ ሲለው ኤላዲዮ መግራቱን ተወና ከከተማው ዳር ባለው በረት ሥራ ገባ። እዚያ ቤሬኒሴ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሰውነታቸው እምቢ ያላቸውን ልጆች በፈረስ ጀርባ ላይ ታክማለች። እሱ ፈረሶቹን ይጭናል፣ ይስባል። መጀመሪያ ላይ «ይኼ ደግሞ ሕክምና ነው ወይስ ሽርሽር?» እያለ ያሾፍ ነበር።

ከልጆቹ አንዷ ኔሬአ ናት። አምስት ዓመቷ ነው፤ ከተወለደች ጀምሮ አንገቷ አይጸናም። ቤሬኒሴ ከኋላዋ ተቀምጣ ደረቷ ላይ አስደግፋ ትይዛታለች፣ ኤላዲዮ ሴኒሳ የምትባለውን አመድማ ባዝራ ይስባል። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ሲዞሩ ግትር የነበሩት የልጅቷ ጀርባና እግሮች ላላ ማለት ጀምረው ነበር። ከዚያ ቤሬኒሴ አረገዘች፤ ሆዷ ሲገፋ ፈረስ ላይ መውጣት ተከለከለች። ኔሬአ ጥቂት ሳምንት ብትቀር ጀርባዋ እንደገና ተገተረ።

እናቷ ዙልማ አንድ ቅዳሜ ከሩቅ የከብት እርባታ በአውቶቡስ ይዛት መጣች። «ዛሬም ካልሆነ ከእንግዲህ አንመጣም» አለች። «ያን ሁሉ መንገድ እያንገላታኋት ደርቃ ከምትመለስ ቤቷ ትቀመጥ።»

«ዶን ኤላዲዮ፣ እርስዎ ከኋላዋ ይቀመጡ» አለች ቤሬኒሴ።

«እሺ፣ ዳማዬን ልጫንላት።»

ዳማው የተኮላሸ ጥሩ ፈረስ ነበር፤ እርምጃው ግን ያናውጣል። ገና ትንሽ ሳይራመድ የልጅቷ ራስ ወዲያና ወዲህ ተንገላታ፣ ገላዋ እንደ እንጨት ደረቀ፣ አለቀሰች። አወረዷት። ዙልማ ለመሄድ ብርድ ልብሷን መጠቅለል ጀመረች።

«ሰጋሯ ሴኒሳ ብቻ ናት» አለች ቤሬኒሴ ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ልጄ።»

ቅዳሜ ከበረቱ አጠገብ የከብት ገበያ የሚቆምበት ቀን ነው። ወንዱ ሁሉ ማቴ የሚባለውን ትኩስ የቅጠል ሻይ ከቅሉ እየመጠጠ አጥሩን ተደግፏል። ከፊት ደግሞ ታንክሬዶ አለ፣ የልጅነት ጓደኛው፣ ምላሱ ከካራ የሰላ። ኤላዲዮ አጥሩን አየ፣ ልጅቷን አየ። እሷ ይሉኝታን አታውቅም። አፈረ፤ ያፈረው ግን በራሱ ነበር። ሄዶ ሴኒሳ ላይ ወጣ።

«እሰይ» አለ ታንክሬዶ። «አሁን ቀሚስ ግዙለት።»

አጥሩ በሳቅ ተናጋ።

«ዝም ብለህ ማቴህን ጠጣ፣ ይበርድብሃል» አለ ኤላዲዮ። ጆሮው ግን በርበሬ መስሏል።

ልጅቷን ተቀብሎ ደረቱ ላይ አስደገፋት፤ ቤሬኒሴ ባዝራዋን ሳበች። ኔሬአ ወደ ቀኝ ስታዘነብል ሴኒሳ ወደዚያው ጠጋ ብላ ትቀበላታለች። ስትደነግጥ ትቆማለች፤ ትንፋሿ ሲረጋ ትቀጥላለች። ማን አስተማራት? ማንም። ዕድሜውን ሙሉ ፈረስ አስተማርኩ ሲል የኖረው ሰውዬ እዚያው እንደተቀመጠ ሰውነቱን ወረረው። ከሥሩ የሚራመደው ፈጣሪ ራሱ መሰለው።

በረቱን ዞረው ሲመለሱ ደረቱ ላይ የነበረው ክብደት ድንገት ጠፋ። ሸሚዙ ላይ ራሷ ያረፈበት ሙቅ ቦታ በረደው። ከኋላ ስለሆነ ፊቷ አይታየውም። አጥሩ ጋ ሳቁ ቆሟል፤ ታንክሬዶ ባርኔጣውን አውልቋል።

«ምን ሆነች?» አለ ኤላዲዮ።

«ምንም አልሆነች» አለች ዙልማ እያለቀሰች። «ቀና ብላ እያየችን ነው።»

ከዚያ በኋላ ኤላዲዮ እስኪሞት ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ባዝራ ላይ ወጣ። ታንክሬዶ ማሾፉን አልተወም፤ ሌላ ሰው ካሾፈ ግን ይጣላው ነበር።

በእኛ ወግ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ይጫንና ባዶ ኮርቻውን ይዞ ከሬሳው ኋላ ይሳባል። ኤላዲዮ ሲቀበር የገዛ ልጆቹ ዳማውን ጭነው ነበር። ታንክሬዶ ኮርቻውን ከዳማው አወረደና ሴኒሳ ላይ ጫነው። ኮርቻውም ባዶውን አልሄደም። ኔሬአ ተቀመጠችበት፤ እናቷ በአንድ ጎን፣ ቤሬኒሴ በሌላው ጎን። ከኋላዋ የያዛት አልነበረም። የፓሶ ሁንኮ ወንድ ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ እስከ መቃብሩ ድረስ ባዝራ ተከትሎ ሄደ።