የእትዬ ባንቺአየሁ የጽዋ ተራ

እትዬ ባንቺአየሁ ቀናቸውን የሚያሰሉት በትንፋሽ ነው። ከአልጋ እስከ ደጅ መውጣት አንድ ዕረፍት ያስከፍላል። ውኃ መቅዳት ከአቅም በላይ ስለሆነ ለልጃቸው ለአበቡ ትተውታል። ለገበያ የሚሆን ነጭ ሽንኩርት ተቀምጦ መላጥ ግን በነፃ ነው፤ «ለዚህ ሳንባ አያስፈልገኝም» ይላሉ። ከሁሉ አስቀድመው ግን ለክርክር የሚሆን ትንፋሽ ይቆጥባሉ።

እኔ ጎንደር አቅራቢያ ባለችው ጠዳ ጎረቤታቸው ነኝ። ልጄን አዝዬ ጎንደር ሆስፒታል አብሬያቸው እመላለሳለሁ። ሲጋራ አጭሰው አያውቁም፤ የሳንባ ካንሰር ግን አገኛቸው። በቅርቡ ሐኪሞቹ ለጥናት ፈቃዳቸውን ጠየቁ። በሰው ሁሉ አፍ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን አሉ፤ ሳንባም ውስጥ አሉ። በካንሰር ታማሚ ሳንባ ውስጥ ያሉት ከአፍ የወረዱ ናቸው ወይስ ሌሎች? ይህን ለማወዳደር ከአፋቸው ምራቅ፣ በቀጭን ቱቦ ደግሞ ከሳንባቸው ትንሽ ፈሳሽ ወሰዱ።

«የታረደ በሬ ምን እንደሚሰማው አሁን አወቅሁ» አሉኝ ሲወጡ፣ ጉሮሯቸውን ይዘው።

ወሬው ጠዳ ሲደርስ ግን ተገለበጠ። «ባንቺአየሁ ሳንባ ውስጥ ተሕዋስ ተገኘ፤ ከአፏ ይተላለፋል!» ተባለ።

በኪዳነ ምሕረት ማኅበራችን ሁላችንም የምንጠጣው ከአንድ ጽዋ ነው። የሚቀጥለውን ወር ድግስ የሚያወጣውም ጽዋውን ተረክቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በዚያ ቀን የመረከቡ ተራ የእትዬ ባንቺአየሁ ነበር። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን አያ አዳሙ ግን ለእሳቸው ብቻ የፕላስቲክ ኩባያ አቀረቡ።

«ምነው አያ አዳሙ፣ ከመቼ ወዲህ ነው እንግዳ የሆንሁት?»

«ለጤናሽ ብለን ነው እህቴ። ተራሽንም ሌላ ያንሣልሽ።»

«ለጤናዬ? በር ላይ ያስቀመጣችሁኝስ ብርዱ ለሳል ሸጋ ነው ብላችሁ ነው?»

«ሐኪሙ እኮ ተሕዋስ ሲፈልግ ነበር አሉ!» አለች አማረች ከማዶ።

«ፈልጓል። ያንቺንም አፍ ቢፈትሽ ያገኛል፤ ያ ሁሉ ሐሜት የሚኖርበት ቤት ተሕዋስ ይጠፋዋል?» ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ቲቢ የለብሽም ተብያለሁ። ካንሰር ነው፣ ካንሰር በጽዋ አይተላለፍም። ቢተላለፍ አብራኝ የምታድረው አበቡ ትቀድማችሁ ነበር።»

እዚህ ላይ ትንፋሻቸው አለቀ። ኩባያውን ገፍተው እጃቸውን ወደ ጽዋው ዘረጉ። ማንም አልሰጣቸውም፤ እጃቸው ግን አልታጠፈም። አያ አዳሙ ወዲያ አዩ፣ ወዲህ አዩ፤ በመጨረሻ እያጉረመረሙ አቀበሏቸው። ጠጡ። አጠገባቸው ስለነበርሁ ተቀብዬ ጠጣሁ። ከእኔ በኋላ የጠጡ አሉ፤ አማረች ግን አሳለፈችው።

ሲያበቃ እትዬ ጽዋውን አቅፈው፣ መንገድ ላይ እያረፉ ወደ ቤታቸው ገቡ። አሁን ለድግሳቸው ጠላ ጌሾ እየወቀጥንላቸው ነው። የጥናቱ ውጤት ገና አልደረሰም፤ ሕክምናቸውንም አላቋረጡም።

ይህን እንደምጽፍ ስነግራቸው፣ «እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ» አሉ፦ «የምታነቡ ሁሉ፣ በማኅበራችሁ ወይም በዕድራችሁ እንደኔ የታመመ ካለ፣ በወሬ አታርቁት። ሄዳችሁ ራሱን ጠይቁት። የሚላችሁን ካላመናችሁም፣ በሚቀጥለው ቀጠሮው አብራችሁት ሐኪሙ ዘንድ ሂዱ።»