በሩቁ ሌንስ ያየሁት ድብድብ

ዛሬ ውርጌሳ ላይ አንድ ገበሬ የወንድሙን ራስ በድንጋይ ሲፈነክት በካሜራዬ አየሁ።

የቅርቡን ሌንስ ልግዛ ወይስ የሩቁን እያልኩ፣ ሁለቱንም ተውሼ ኮረብታ ላይ ወጥቼ ነበር። በቅርቡ ማሽላ ላይ ያለች ጉንዳን አነሳሁ። በሩቁ ማሳውን ስቃኝ ሁለት ገበሬዎች፣ በኋላ እንደሰማሁት በመስኖ ተራ የተጣሉ ወንድማማቾች፣ በዱላ ይቀጣቀጣሉ። አንደኛው ዱላውን ጥሎ ድንጋይ አነሳ።

"ኧረ ተው!" ብዬ ጮህኩ። ሌንሱ አቅርቧቸው አጠገቤ ያሉ መስሎኝ እኮ ነው፤ ማን ይሰማኛል!

ቁልቁል ሮጥኩ። ስደርስ መቺው የወንድሙን ቁስል በሽርጡ አፍኖ ያለቅሳል።

"ወላሂ ልገድለው አልነበረም! በአላህ አግዘኝ!"

ራሱን የሳተውን ሰውዬ ተሸክመን አስፋልት አወጣነው፤ በባጃጅ መርሳ ሐኪም ቤት ደረስን። ቁስሉ ተሰፍቶ ሲነቃ መጀመሪያ የጠራው ወንድሙን ነው።

የሩቁን ሌንስ ዛሬውኑ መለስኩት።

እናንተስ፣ ቁልጭ ብሎ እየታያችሁ ያልደረሳችሁለት ሰው ነበር? እስቲ ጻፉልኝ።