ዘጠነኛው ጥይት

ባለፈው ሳምንት ከልጄ ጋር አምስተርዳም ሲኒማ ገብተን ስለ ድሮ ባንክ ዘራፊዎች የተሠራ የጀርመን ፊልም አየን። አንዱ ዘራፊ ሽጉጡን ሲመዝ፣ ሳላስበው ተኩሱን መቁጠር ጀመርኩ። ይህን ያስለመዱኝ ጋሽ ተወልደ ናቸው።

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጋሽ ተወልደ ራይስዋይክ በምትባል የሆላንድ ከተማ ጎረቤታችን ነበሩ፤ የጥገኝነት ጥያቄያቸው ገና መልስ አላገኘም ነበር። ደች ስለማይችሉ ጠበቃቸው ዘንድ የማስተረጉምላቸው እኔ ነበርኩ። ቃላቸው አጭር ነው፤ የመጋዘን ጸሐፊ ነበሩ፣ መሣሪያ ነክተው አያውቁም።

አንድ እሁድ እኛ ቤት እንዲህ ያለ ፊልም ስናይ ሳቁ።

«ውሸታም! ይቺ እኮ ስምንት ጎራሽ ናት፤ ዘጠኝ ተኮሰባት!»

ሪሞቱን አንስተው ጎኑን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉና ግራ መዳፋቸውን ከሥሩ ዘረጉ፤ የጥይት መያዣው ሲወርድ ለመቀበል። የወረደ ነገር አልነበረም፤ እጃቸው ግን ቦታውን ያውቀዋል።

«አንተ ወታደር ነበርክ እንዴ?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ እርስዎ በይ፣ አንቺ ባለጌ!» አሉና ፈገግታቸው ጠፋ። «ስሚ ልጄ፣ ነገ ለጠበቃው ያልኩትን ብቻ አድርሺለት። ያየሽውን አትጨምሪበት።»

በማግስቱ ጠበቃው መሣሪያ ይዘው ያውቁ እንደሆነ በድጋሚ ጠየቃቸው። ዓይን ዓይኔን እያዩ «በፍጹም» አሉ። እኔም በደች «በፍጹም» አልኩ።

ከሲኒማው ስንወጣ ልጄ፣ «እማዬ፣ አንቺ የእውነት ሽጉጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

አላየሁም አልኩት። እውነቴን ነው።