የስምንት ሰዓቱ ስህተት

ስርጉት ኮድ መጻፍ የጀመረችው ሊሴ በሚባለው የፈረንሳይኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዓመት ሳለች ነው። አባቷ ፈንታው ግን ነገሩን «ከስልክ ጋር መዋል» ነው የሚለው። ስልክ የሚወድ ሰው አይደለም። ድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ አሁን ጅቡቲ፣ ዶራሌ ወደብ ለሐበሻ ሹፌሮች ተራ ያስይዛል፤ ተራቸው ሲደርስ እየደወለ ይጠራቸዋል። ሲጮህ ውሎ ሆዳን ሰፈር ወዳለው ቤቱ ሲገባ ድምፁ ተዘግቶ በእጁ ምልክት ነው ጨው የሚጠይቀው።

ስርጉት አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ኮምፒውተር ሳይንስ ልማር ስትል ቅጹ የወላጅ ፊርማ ጠየቀ። ፈንታው ያሰበላት የወደብ ዕቃ በሚያስፈጽም የትራንዚት ቢሮ ሥራ ነበር። ቢሆንም ልጁ ላይ አይጨክንም፤ የሠራችው ነገር አንድ ቀን ከጩኸት ካሳረፈው እንደሚፈርም ቃል ገባላት። የሠራችው ለየሹፌሩ የመግቢያ ሰዓቱን በአማርኛ የሚልክ ፕሮግራም ነው።

ሰኞ ማለዳ መልእክቱ ሄደ። ጫላቸው የሚባለው አንጋፋ ሹፌር «ስምንት ሰዓት» የሚል ደረሰው። ሰውዬው ቀጠሮ አክባሪ ነው፤ ሸሚዙን አጥቦ፣ ምሳውን በልቶ፣ ልክ በስምንት ሰዓት በሩ ላይ ቆመ። ወደቡ ግን የጠበቀው በፈረንጅ ስምንት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር። እሱና ሌሎች ዘጠኝ ሹፌሮች ወደ ሰልፉ ጭራ ተመለሱ።

ስርጉት ሁለቱንም ሰዓት አሳምራ ታውቃለች። ቤት ጠዋት አንድ ሰዓት የሚባለው፣ ሊሴ ስትደርስ ያው ሰዓት ሰባት ይባላል። ደጁን ስትሻገር ሰዓቱን እንደ ጫማ ትቀይራለች። ኮድ የትምህርት ቤት ነገር ስለሆነባት በትምህርት ቤቱ ሰዓት ጻፈችው።

ፈንታው «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብሎ ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ስርጉት አለቀሰች፤ እኔም አልፈርድባትም። ምዝገባው ሊዘጋ ዐሥር ቀን ነው የቀረው።

በማግስቱ ሹፌሮቹን ይቅርታ ልትጠይቅ ሄደች። ጫላቸው የመኪናው ጥላ ሥር አስቀመጣት።

«ልጄ፣ አባትሽ ሲደውልልን ምን እንደሚል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሲጮህ እሰማዋለሁ፣ ጋሼ።»

«ጩኸቱንማ ሁሉም ይሰማል። በሐበሻ ሁለት ሰዓት፣ በወደቡ ስምንት፣ ከቁርስ በፊት ና ነው የሚለን። ለአንድ ሰው ሦስት ጊዜ ይናገራል።»

ስርጉት አፈረች። ያሳደጋትን ድምፅ አንድም ቀን አዳምጣው አታውቅም። ያን ሳምንት ደብተር ይዛ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ እሱ ይደውላል፣ እሷ ትጽፋለች። ፈንታው ምን እንደምትጽፍ አልጠየቃትም፤ ወንበር ግን አቀረበላት።

ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ፣ አዲሱ መልእክት ሄደ፤ «በሐበሻ ጠዋት 2 ሰዓት፣ በወደቡ 8 ሰዓት። ከቁርስ በፊት ና።» ሁሉም በሰዓቱ ተገኙ። ፈንታው ደውሎ የሚጠራው ሹፌር አልቀረም፤ ደውሎ ሰዓቱን የጠየቀውም የለም፤ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ዝም ብሎ ዋለ። ተበላሽቶ እንደሆነ ብሎ ሁለት ጊዜ አጥፍቶ አበራው።

ማታ ስርጉት ወጥ ቤት ሳለች ሳሎን ውስጥ ስሟ ተጠራ። እንግዳ የመጣ መሰላት። ያን የመሰለ ጥርት ያለ ድምፅ በዚያ ቤት ማታ ተሰምቶ አያውቅም።

ፈንታው ቅጹን ከመሳቢያው አውጥቶ ፈርሞበታል። ከፊርማው ሥር ሐምሌ 2 ብሎ፣ ከዚያም ዝቅ አድርጎ የፈረንጁን፣ ጁላይ 9ን ጽፏል።

«እንዳይሳሳቱ ብዬ ነው» አላት።